ጽኑው መዝገብና ተለዋዋጩ ደንብ
ሁለት የፕሮግራም ቋንቋዎችን አጣምሮ ስለ ማሠራት ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በንግድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ እንዳለ ማናቸውም ነጋዴ ያውቀዋል። አንደኛው ከዓመት እስከ ዓመት የማይለወጥ ነው፤ ይኸውም የገባው ዕቃ መመዝገቡ፥ የወጣው መቀነሱ፥ ገቢና ወጪው መመዛዘኑ፥ ደረሰኙ ተራ ቍጥሩን ጠብቆ መቈረጡ ነው። ሁለተኛው ግን ከገበያው ጋራ አብሮ የሚለዋወጥ ነው፤ ይኸውም የመሸጫው ዋጋ፥ ለደንበኛ የሚደረገው ቅናሽ፥ የማጓጓዣው ሒሳብ፥ አቅራቢዎች የሚልኩት የዋጋ ዝርዝር አጻጻፍ ነው። ሒሳባችንን በኮምፒዩተር የምንይዝ ሰዎች ሁለቱን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ቀላቅለን ያስጻፍን እንደሆነ፥ የሚለወጠው ከማይለወጠው ጋራ ታስሮ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ አንዲት የቅናሽ ደንብ ለመለወጥ ፕሮግራሙን የጻፈውን ባለሙያ መጠበቅ፥ ሙሉውን ፕሮግራም እንደገና ማሠራትና በየመደብሩ ባለው ኮምፒዩተር ላይ እንደገና ማስጫን ግድ ይሆናል።

የዚህ ነገር ጉዳት በግልጥ የሚታየው ድንገተኛ ለውጥ ሲመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባስታወቀ ጊዜ፥ ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ የዋጋ አወጣጡን እንደገና መመርመር ነበረበት። የምንዛሪውን ቍጥር መለወጥ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ደንቡ ራሱ፥ ማለት የትኛው ዕቃ በተገዛበት ቀን ምንዛሪ፥ የትኛውስ በሚሸጥበት ቀን ምንዛሪ ይታሰብ የሚለው ነገር፥ በዋናው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ፥ ነጋዴው ወይ በአሮጌው ደንብ እየሸጠ ይከስራል፥ ወይ ፕሮግራሙን ትቶ በእጅ ወደ መጻፍ ይመለሳል።

ለዚህ ችግር በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀና የተፈተነ መፍትሔ አለ። እርሱም ጽኑውን ክፍል በጥብቅ ቋንቋ፥ ተለዋዋጩን ክፍል በልል ቋንቋ አስጽፎ ሁለቱን በአንድ በር ማገናኘት ነው። ይህ ማብራሪያ ነጋዴውን ፕሮግራም ጻፊ ለማድረግ የታሰበ አይደለም፤ ገንዘቡን ከፍሎ ፕሮግራም የሚያሠራ ሰው ምን እንደሚገዛና ምን መጠየቅ እንደሚገባው ያውቅ ዘንድ ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛ ባይሆንም፥ መሠረቱ ከምን እንደ ተሠራ መጠየቅ አይቀርለትም።

ሁለቱ የቋንቋ ወገኖች

ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው፤ ለጕዳያችን ግን በሁለት ወገን እንከፍላቸዋለን። የመጀመሪያው ወገን ስታቲክ ይባላል። በዚህ ወገን በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ስም ምን ዓይነት ነገር እንደሚይዝ፥ ቍጥር ይሁን ወይም ጽሑፍ ወይም ቀን፥ አስቀድሞ ይወሰናል። ፕሮግራሙም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ኮምፓይለር የሚባል መርማሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበዋል፤ ቍጥር በሚገባበት ቦታ ጽሑፍ ገብቶ ያገኘ እንደሆነ አያሳልፈውም። ሲ ሻርፕና ጃቫ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ወገን ዳይናሚክ ይባላል። በዚህኛው የአንድ ስም ዓይነት የሚታወቀው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ያው ስም አሁን ቍጥር ይዞ ኋላ ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አጻጻፉ አጭር ነው፥ የተለወጠውም ወዲያው ይሠራል። ፓይተን፥ ሩቢና ጃቫስክሪፕት ከዚህ ወገን ናቸው።

የልዩነቱን ክብደት በሁለት ምሳሌ እናስረዳ። ፓይተን በሦስተኛው ትውልዱ፥ ሲ ሻርፕም እንደዚሁ፥ ስሞችን በራሳችን ፊደል ለመጻፍ ይፈቅዳሉ። እንግዲህ አንድ ባለሙያ «ሒሳብ» ብሎ የጀመረውን ስም ከዐሥር መስመር በኋላ «ሂሳብ» ብሎ ቢጽፈው፥ ለእኛ ለአንባቢዎች ቃሉ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ ልዩ ልዩ ፊደሎች ስለሆኑ ሁለት ስሞች ናቸው። ሲ ሻርፕ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም አልተመዘገበም ብሎ ፕሮግራሙን ይመልሰዋል። ፓይተን ግን በዚያ መስመር ላይ ለስሙ ዋጋ የሚሰጥ ትእዛዝ ያገኘ እንደሆነ፥ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ «ሂሳብ» የሚባል ሌላ ስም ይከፍትና ሥራውን ይቀጥላል፤ የመጀመሪያው «ሒሳብ» ሳይታረም ይቀራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ይህ ነው። ከአንድ የዋጋ ዝርዝር የተነበበ 450 ብር ወደ ቍጥር ሳይለወጥ በጽሑፍነቱ ቀርቶ በ3 ቢባዛ፥ ሲ ሻርፕ ጽሑፍ በቍጥር አይባዛም ብሎ አስቀድሞ ይከለክላል። በፓይተን ዘንድ ግን ጽሑፍን በ3 ማባዛት ያንኑ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ መድገም ማለት ስለሆነ፥ መልሱ 1350 መሆኑ ቀርቶ 450450450 ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ ተነሥቶ ዳይናሚክ ቋንቋ የተናቀ ነው ማለት አይገባም። ጥብቅነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ጊዜ ነው። የገንዘብ መዝገብ ለሚጠብቅ ክፍል ይህን ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው፤ በየሳምንቱ ለሚለዋወጥ ደንብ ግን ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ ጥያቄው ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ሳይሆን፥ የትኛው በየት ይቀመጥ የሚለው ነው።

ሁለቱ በአንድ ቤት እንዴት እንዳደሩ

በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ፓይተንን ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ለሕዝብ አወጣው። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ዶት ኔት የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያና ማስኬጃ መድረክ፥ ዋና ቋንቋው ከሆነው ከሲ ሻርፕ ጋራ፥ በ2002 ለገበያ አቀረበ። ሁለቱን ያገናኛቸው ጂም ሁጉኒን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ነው። እርሱ አስቀድሞ በ1997 ፓይተንን በጃቫ መድረክ ላይ እንዲሠራ አድርጎ ነበር፤ ያም ሥራ ኋላ ጃይተን ተባለ። ከዚያም በኋላ ዶት ኔት ለዳይናሚክ ቋንቋዎች የማይመች መድረክ ነው የሚባለውን ወሬ ሰምቶ፥ የማይመችበትን ምክንያት በጽሑፍ ለማስረዳት አስቦ ሙከራ ጀመረ። ነገር ግን ሙከራው ተቃራኒውን አሳየው፤ የሠራው ፓይተን በታወቀ የፍጥነት መለኪያ ሲፈተን ከተለመደው ፓይተን የፈጠነ ሆኖ ተገኘ። ይህንንም በ2004 በፓይተን ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ አስረዳ፤ በዚያው ዓመት ወደ ማይክሮሶፍት ገባ፤ አይረን ፓይተን የተባለውም ሥራ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በመስከረም 2006 ወጣ።

ከዚህ የተገኘው ዕውቀት ኋላ ለሌሎች ዳይናሚክ ቋንቋዎች ሁሉ የሚያገለግል የጋራ መሠረት ሆነ፤ በ2010 ከወጣው ከዶት ኔት 4 ጋራም አብሮ ቀረበ። በዚያው ዓመት ሲ ሻርፕ ራሱ «ዳይናሚክ» የሚል ቃል በቋንቋው ውስጥ ጨመረ፤ ይኸውም ባለሙያው በፈለገበት ቦታ ብቻ ምርመራውን እስከ ሥራው ሰዓት ድረስ ለማቈየት እንዲችል ነው። በጃቫም በኩል በ2011 የወጣው 7ኛው እትም ለዳይናሚክ ቋንቋዎች የሚረዳ አዲስ የጥሪ ትእዛዝ በመድረኩ ላይ ጨመረ።

ዳይናሚክ ቋንቋ በጥብቅ መድረክ ላይ ሳይጓተት የሚሠራበትን ብልሃት በጽሕፈት ቤት ምሳሌ ለማስረዳት ይቻላል። አዲስ የተቀጠረ ተላላኪ አንድ ደብዳቤ ሲሰጠው ለየትኛው ክፍል እንደሚገባ መጠየቅ አለበት፤ በሁለተኛው ቀን እንደዚያው ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ሳይጠይቅ ወደዚያው ይወስደዋል። መድረኩም እንደዚሁ አንድ መስመር መጀመሪያ ሲሠራ የተላከለት ነገር ቍጥር ወይም ጽሑፍ መሆኑን ይመረምራል፥ መንገዱንም በዚያው ቦታ ይይዘዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ዓይነት የመጣ እንደሆነ ፍለጋውን አይደግምም። ሌላ ዓይነት ሲመጣ ብቻ እንደገና ይመረምራል። ይሁን እንጂ ይህ ብልሃት መዘግየቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ እጅግ ብዙ መዝገብ የሚያልፍበት ከባድ ስሌት በጥብቁ ቋንቋ ቢሠራ ይመረጣል።

ሦስት የማጣመሪያ መንገዶች

አንደኛው መንገድ ዳይናሚኩን ቋንቋ በመድረኩ ውስጥ ማሳደር ነው። አይረን ፓይተን በዶት ኔት ላይ፥ ጃይተንና ግሩቪ በጃቫ ላይ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚተላለፈው ነገር አንድ ስለሆነ ግንኙነቱ ቅርብ ነው። ጉድለቱ ግን አለ፤ በፓይተን ዓለም እጅግ የታወቁት የስሌት ላይብረሪዎች፥ እንደ ነምፓይና ፓንዳስ ያሉት፥ በተለመደው ፓይተን ልክ የተሰፉ ስለሆኑ በአይረን ፓይተን ውስጥ እንደ ልብ አይሠሩም።

ሁለተኛው መንገድ የተለመደውን ፓይተን እንዳለ ወስዶ ከዶት ኔት ፕሮግራም ጋራ ጎን ለጎን ማስኬድ ነው፤ ፓይተን ዶት ኔት የሚባለው ማገናኛ ይህን ያደርጋል። በዚህ መንገድ የስሌት ላይብረሪዎቹ ሁሉ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ሁለት ሞተር በአንድ መኪና ውስጥ እንደ ማኖር ነው። በየኮምፒዩተሩ ላይ ተስማሚው የፓይተን እትም መጫን አለበት፥ የሁለቱም ስምምነት በየጊዜው መጠበቅ አለበት።

ሦስተኛው መንገድ ሁለቱን ፈጽሞ ለይቶ በፋይል ወይም በመልእክት ብቻ ማነጋገር ነው። ፍጥነቱ ያነሰ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ አስተማማኝ ነው፤ አንደኛው ቢበላሽ ሁለተኛው አይወድቅም። ሌሊት ለሚሠራ የሽያጭ መግለጫና ከአቅራቢዎች የሚመጣውን የዋጋ ዝርዝር ለማንበብ ይህ መንገድ ይበቃል። በሽያጭ ሰዓት ደንበኛ ቆሞ በሚጠብቅበት የዋጋ ስሌት ግን የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ይሻላል።

ምን በየት ይቀመጥ?

በጥብቁ ክፍል የሚቀመጡት የዕቃ መዝገብ፥ የገንዘብ መዝገብ፥ ደረሰኝ፥ የ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ አሰላልና ማን ምን ለማድረግ ሥልጣን እንዳለው የሚወስነው ክፍል ናቸው። በዳይናሚኩ ክፍል የሚቀመጡት የመሸጫ ዋጋ አወጣጥ፥ ቅናሽ፥ የሻጮች ኮሚሽን፥ ልዩ ልዩ መግለጫዎችና የውጭ ዝርዝሮች ንባብ ናቸው።

ለምሳሌ አንድ የጅምላ ነጋዴ ከ50 ኩንታል በላይ ገዝቶ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ደንበኛ 3 በመቶ ቅናሽ ለማድረግ ቢያስብ፥ ይህ ደንብ በፓይተን ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ ነው። በሚመጣው ወር የ50ው ኩንታል ደንብ ቀርቶ በዓል ሲቃረብ ብቻ የሚሠራ ሌላ ደንብ ቢተካ፥ የሚለወጠው ያ ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ የገንዘቡን መዝገብ ማንም አይነካውም።

የሁለቱ ግንኙነት በጽሕፈት ቤት እንደ ተለመደው ይሁን፤ ጸሐፊ ያረቅቃል፥ ኃላፊ ይፈርማል። ዳይናሚኩ ደንብ ለአንድ ሽያጭ ዋጋ ያቀርባል፤ ጥብቁ መዝገብ ደግሞ የቀረበውን ከመቀበሉ በፊት በበሩ ላይ ይመረምረዋል። በእርግጥ ቍጥር ነው ወይ? ከዜሮ በታች አይደለም ወይ? ባለቤቱ ከወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ አይወርድም ወይ? ይህን ያለፈ ብቻ ይመዘገባል፤ ዋጋውን ያወጣው ደንብ ስንተኛው እትም እንደሆነም አብሮ ይጻፋል። እንደዚህ ያለ በር ቢኖር ኖሮ ከላይ ያየነው 450450450 ደረሰኝ ላይ አይደርስም ነበር፤ በጽሑፍነቱ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ በተያዘ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። የሚለወጠው ቍጥሩ ብቻ ከሆነ፥ ማለት ቅናሹ ከ3 ወደ 4 በመቶ ከፍ የሚል ብቻ ከሆነ፥ ሁለተኛ ቋንቋ አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ራሱ የሚያርመው ሠንጠረዥ ይበቃል። ሁለተኛው ቋንቋ የሚያስፈልገው የአስተሳሰቡ መንገድ ራሱ የሚለወጥ ሲሆን ነው። አንድ መደብርና ጥቂት ዕቃ ላለው ነጋዴም ይህ ሁሉ ሥርዐት ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል።

በበሩ ላይ የሚደርሱ ስሕተቶች

የመጀመሪያው ስሕተት ከማካፈል ይነሣል። 7 ኩንታል ለ2 መደብር ሲካፈል በሲ ሻርፕ ሁለቱም ሙሉ ቍጥሮች ከሆኑ መልሱ 3 ነው፤ ትርፉ ይጣላል። በዛሬው ፓይተን ግን መልሱ 3.5 ነው። በአሮጌው በፓይተን ሁለተኛ ትውልድ ደግሞ እንደ ሲ ሻርፕ 3 ነበር። ስለዚህ አንድ መስመር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲዛወር መልኩ ሳይለወጥ መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

ሁለተኛው በሣንቲም ላይ የሚደርስ ነው። ኮምፒዩተሮች ክፍልፋይ ቍጥርን በተለመደው መንገድ ሲይዙ ጥቂት ማዛነፍ አለባቸው፤ በፓይተን 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ የሚወጣው 0.30000000000000004 ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሁልጊዜ ዴሲማል በሚባለው ዓይነት መያዝ አለበት፤ ይህም በሲ ሻርፕም በፓይተንም ይገኛል። አንደኛው ወገን በዴሲማል ይዞ ሌላው በተለመደው መንገድ ቢይዘው ግን ጥንቃቄው ከንቱ ይሆናል። ከዚህም ጋራ ግማሹን ማጠጋጋት አብሮ ይታያል፤ 2.5 ወደ ሙሉ ቍጥር ሲጠጋጋ በቀድሞው ፓይተን 3 ይሆን ነበር፥ በዛሬው ግን ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቍጥር ስለሚሄድ 2 ነው። የማጠጋጋቱ ደንብ በውሉ ላይ በግልጥ ይጻፍ፤ ለቋንቋው ልማድ አይተው።

ሦስተኛው ተደብቆ የሚቈይ ስሕተት ነው። ኮምፓይለር ፕሮግራሙን ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያነብ የዓይነትና የስም ግድፈቱን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል፤ በዳይናሚክ ቋንቋ ግን በስም ላይ የተሠራ ግድፈት የሚገለጠው ያ መስመር በሚሠራበት ቀን ነው። በጳጉሜን ብቻ የሚሠራ የኪራይ ደንብ ቢኖር፥ በውስጡ ያለው ግድፈት ዐሥራ ሁለቱን ወራት ተኝቶ በዐሥራ ሦስተኛው ሊነሣ ይችላል። ዶት ኔት ካሰናዳቸው የዘመን መቍጠሪያዎች መካከል የኢትዮጵያ ስለሌለ፥ ይህን የመሰለውን ስሌት ባለሙያው ራሱ መጻፉ አይቀርምና ጥንቃቄው እጥፍ መሆን ይገባዋል። መድኃኒቱ መፈተኛ ነው፤ ይኸውም ያለፈው ዓመት ደረሰኞች ሁሉ በአዲሱ ደንብ እንደገና ተሰልተው ከአሮጌው ውጤት ጋራ እንዲተያዩ ማድረግ ነው።

አራተኛው የሥልጣን ጕዳይ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ያደረ ደንብ በልዩ ካልተከለከለ በቀር ፕሮግራሙ የሚነካውን ሁሉ ሊነካ ይችላል። ደንቡን ለመለወጥ ቀላል መሆኑ ለማበላሸትም ቀላል መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው ሳያየው ሥራ ላይ አይዋል፤ አሮጌውም እትም አይጣል።

የቋንቋው ጠባቂ ማን ነው?

ነጋዴ አቅራቢውን እንደሚመረምር ሁሉ የቋንቋውንም ጠባቂ መመርመር አለበት። ማይክሮሶፍት አይረን ፓይተንን በ2010 ለበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ለቀቀ። የተለመደው ፓይተን ሁለተኛ ትውልድ ድጋፍ በጥር 1 ቀን 2020 ሲያበቃ፥ በሦስተኛው ትውልድ ላይ የተመሠረተው አይረን ፓይተን 3.4 የወጣው በታኅሣሥ 2022 ነው። በጃቫም በኩል ናስሆርን የተባለው የጃቫስክሪፕት ሞተር በ2014 ከ8ኛው እትም ጋራ ቀርቦ በ2020 በወጣው በ15ኛው እትም ተነሣ፤ ደንባቸውን በእርሱ ያስጻፉ ሁሉ ወደ አዲሱ እትም ለመሻገር ሌላ ሞተር መፈለግ ነበረባቸው። ደንቡ ከመዝገቡ ተለይቶ በጠባብ በር ብቻ የሚገናኝ ከሆነ ግን፥ ቋንቋው ቢለወጥ የሚጻፈው ደንቡ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ይተርፋል።

ውል ከመፈረም በፊት

ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ ለባለሙያው እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርብ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

ሀ) ከሥራዬ የትኛው በጥብቁ ቋንቋ፥ የትኛው በዳይናሚኩ ይጻፋል? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
ለ) ደንቡ ያቀረበውን ዋጋ መዝገቡ ከመቀበሉ በፊት በምን በምን ይመረምረዋል?
ሐ) ገንዘብ በሁለቱም ወገን በዴሲማል ይያዛል ወይ? ማጠጋጋቱስ በምን ደንብ ነው?
መ) ደንብ ሲለወጥ በስንት ያለፉ ደረሰኞች ይፈተናል? ማን ያየዋል?
ሠ) የተጻፈው ደንብ የማን ንብረት ነው? ባለሙያው ቢለይ ሌላ ሰው አንብቦ ሊቀጥለው ይችላል ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የዋጋ ደንብ የነጋዴው የብዙ ዓመት ልምድ ነው፤ ማን በዱቤ እንደሚታመን፥ የትኛው ዕቃ በየትኛው ወር እንደሚፈለግ፥ ከየት በታች መሸጥ ኪሳራ እንደሆነ በውስጡ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ልምድ ለይቶ በሚነበብና በሚታረም ጽሑፍ የተቀመጠ እንደሆነ የቤቱ ሀብት ሆኖ ይኖራል፤ ባለቤቱ በማይከፍተው ፕሮግራም ውስጥ የቀረ እንደሆነ ግን ቍልፉ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ሣጥን ነው።